ለዝምታ የገባ ጃንጥላ

አማከለችን ማነጋገር የፈለገ ሰው በቀኝ በኩሏ መቆም ነበረበት። ግራ ጆሮዋ ከተደፈነ ቆይቷል፤ ቀኙም ቢሆን ካልጮኹበት አይሰማም። ላፍቶ ውስጥ ይህን የማያውቅ ስላልነበረ፣ በግራዋ ሰላም ብሏት ዝም ያለችው ሰው አይቀየማትም። ኮራች ብለው የሚያኮርፉት ለሰፈሩ አዲስ የሆኑ ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ሲውሉ ሲያድሩ ነገሩ ይገባቸዋል።

ጆሮዋን የበላው ነፋስ ስልክ ያለው የክር ፋብሪካ ነው። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ፋብሪካው ሴቶችን መቅጠር ሲጀምር ቀድመው ከገቡት አንዷ እሷ ነበረች። ሥራዋ ቆሞ ማየት ነው። ከፊቷ ተደርድረው የሚሽከረከሩትን ማጠንጠኛዎች ታያለች፤ ክር ሲበጠስ እጇን ሰደድ አድርጋ ጫፍና ጫፉን ታገናኛለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ቀላል የመሰለው ቆሞ ይሞክረው። ሐሳቡ አንዴ ወደ ቤቱ፣ አንዴ ወደ ሰው ሠርግ ሄድ መለስ የሚልበት ሰው እጁን ሲሰበስብ ጣቱ ጎድሎ ያገኘዋል። አጠገቧ ትሠራ የነበረች አንዲት ልጅ እንዲያ ሆና ከሥራ ቀርታለች፤ አማከለች ደሙን በዓይኗ አይታለች። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚህ ዓለም ላይ የሚበልጥባት ሀብት አንድ ብቻ ሆነ፤ ቀልብ። ቀልብ የሌለው ሰው እንኳን እንጀራ፣ ጣትም አይኖረውም ብላ አመነች።

እግዜር ሲቀልድባት ደግሞ ሞልቱን ሰጣት።

ሞልቱ አንድ ልጇ ናት። ስሟን ያወጡላት ፉሪ የሚኖሩት የአባቷ አባት፣ ሽማግሌው ሂርጳ ናቸው። ልጅቱ ሰባት ዓመት እስኪሆናት አንድ ቦታ ረግታ ስትቀመጥ ያያት ሰው አልነበረም፤ ተኝታ እንኳ ስትንፈራገጥ ነው የምታድረው። ውሃ ቅጂ ተብላ ስትላክ ቆርቆሮዋን ምንጭ ዳር ትታ የሽመላ ጎጆ ስታይ ትውላለች። ጨው አምጪ ስትባል ምን እንደተላከች ትረሳና የጎረቤት ጥጃ እየነዳች ትመለሳለች። አንዱን ወሬ ሳትጨርስ ሌላ ትጀምራለች፤ ማሰሪያውን ለማግኘት ሰሚው ራሱ መድከም አለበት። አባቷ በንቲ ግን ይስቃል። በንቲ ባለ ጋሪ ነው፤ ከላፍቶ ሳሪስ፣ ከሳሪስ ላፍቶ እህልና ሣር ያመላልሳል፤ ሞልቱ ጋሪው ላይ አብራው ስትቀመጥ መንገዱ ያጥርለታል። አማከለች አትስቅም። ልጇ ስትሮጥ ባየች ቁጥር የሚታያት ያ ደም ነው።

አንድ ነገር ግን አለ። ፋብሪካው ጡሩምባውን ነፍቶ ሠራተኛ ሲለቀቅ ሞልቱ ድልድዩ ጋ ቆማ እናቷን ትጠብቃለች። ከዚያ እስከ ቤት ያለው መንገድ ጠባብ ነው፤ የድንጋይና የአሸዋ መኪና ይመላለስበታል። ልጅቱ የውሎዋን ወሬ በእናቷ ቀኝ ጆሮ እየጮኸች ታወርድላትና በመሀል የነጠላዋን ጫፍ ሳብ ታደርጋለች፤ "እማዬ፣ መኪና።" ጥግ ይይዛሉ፤ መኪናው ያልፋል፤ ወሬው ካቆመበት ሳይሆን ከሌላ ቦታ ይቀጥላል። አማከለች ይህን ከቁም ነገር ቆጥራው አታውቅም። ልጅ ሁሉ እንዲያ የሚያደርግ ይመስላት ነበር።

ሞልቱ መጀመሪያ የገባችው መንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ብዙም አልቆየች። አንድ ቀን መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን እንድታነብ ሲያስነሳት፣ ጣሪያው ላይ ስለምትሄደው እንሽላሊት ትነግረው ጀመር፤ ጭራዋ መቆረጡን፣ ከየት እንደመጣች፣ ወዴት ልትገባ እንደሆነ። ክፍሉ ሞልቶ የተቀመጠው ልጅ ሁሉ አንገቱን ወደ ጣሪያው ሰቀለ። መምህሩ አማከለችን አስጠርቶ አለንጋውን በእጁ እንደያዘ አነጋገራት።

"ልጅሽ ክፉ ልጅ አይደለችም" አላት። "ግን ቀልብ የላትም። የራሷ አልበቃ ብሎ የሌላውንም ልጅ ቀልብ ይዛብኝ ትሄዳለች። ሌላ ቦታ ፈልጊላት።"

ጎረቤት ዓይን በልቷታል አለ። ሌላው የዛር ውላጅ ነው አለ። አማከለች ልጇን ይዛ ሀና ማርያም ጠበል አስጠመቀቻት። ሞልቱ ጠበሉ እየወረደባት ካህኑን መስቀልዎ ለምን ጠመመ ብላ ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም ሳያስቡት መስቀላቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት። እናቷ በሐፍረት መሬት ብትውጣት ወደደች። ያን ዕለት ከጠበሉ ወጥተው ልጅቱ ልብሷን ስትለብስ፣ አማከለች ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተንበርክካ ተሳለች።

"እመቤቴ፣ ይህችን ልጅ ዝም አሰኚልኝ። ቀልቧን ሰብስበሽ አንድ ቦታ ካስቀመጥሽልኝ ለንግሥሽ ባለ ዘርፍ የከፋይ ጃንጥላ አስገባልሻለሁ።"

ስለት ሲሳሉ ቃል መምረጥ ደግ ነበር። አማከለች አልመረጠችም፤ የደከማት እናት የመጣላትን ነው የምትናገረው። ደግሞም በፋብሪካው ጩኸት ውላ ለምትገባ ሴት፣ ዝምታና ቀልብ አንድ ነገር ቢመስሏት የሚፈርድባት የለም።

ያኔ የግል ትምህርት ቤት ማለት የሹም ልጅ የሚማርበት ብቻ አልነበረም። ቤት ተከራይቶ፣ ሰሌዳ ሰቅሎ ልጅ የሚሰበስብ መምህር በየሰፈሩ ብቅ ብቅ እያለ ነበር። የፋብሪካው ሴቶች ሁለት ነገሯት። አንደኛው መካኒሳ ያለው የእትዬ ተሾመች ቤት ነው፤ ሁለተኛው ሳሪስ ያለው የሃምሳ አለቃ እንግዳ ትምህርት ቤት። በንቲ እሑድ ያልሆነ ቀን መርጦ ጋሪውን ጠመደ፤ ልጆቹ ሲማሩ ማየት አለብን ብሎ። አማከለች ከፋብሪካው ፈቃድ ጠየቀች፤ በሥራ ዘመኗ ፈቃድ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

እትዬ ተሾመች ሚሲዮኖች ያሳደጓት፣ ባል ያላገባች፣ ጠና ያለች ሴት ናት። ግቢዋ ሲገቡ አማከለችን የተቀበላት ጫጫታ ነው። በረንዳው ላይ ግማሹ ልጅ ሰሌን ላይ ተቀምጧል፤ ግማሹ ቆሟል፤ አንዱ ሰሌዳውን ታቅፎ ወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ ያጠናል። አለንጋ የሚባል ነገር የትም አይታይም። እንግዶቹ ገና ወግ ሳይጀምሩ ሞልቱ ከእናቷ እጅ አምልጣ በግቢው የምታልፍ ዶሮ ተከትላ ከጓሮ ጠፋች።

አማከለች ልትጠራት አፏን ስትከፍት ተሾመች ክንዷን ያዝ አደረገቻት። "ተያት፤ አይታ ትምጣ።"

ልጅቱ ቆይታ መጣች። "ምን አየሽ?" አለቻት ተሾመች፣ ልክ ከሩቅ አገር እንደመጣ ሰው አክብራ። ሞልቱ ዘረገፈችው። ዶሮዋ እንቁላሏን ከበርሜል ሥር ትደብቃለች። ከጫጩቶቹ አንዷ ታነክሳለች፤ ሌሎቹ ጥለዋት ይሄዳሉ። አጥሩ በወንዙ በኩል ተቀዷል፤ እዚያ ድመት ተቀምጣለች፤ ድመቷ የምትጠብቀው ያቺን አንካሳዋን ነው። ተሾመች እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያ እንጨት አነሣችና መሬቱ ላይ "ዶ" ብላ ጻፈች።

"ዶሮ የሚጀምረው በዚህ ነው" አለቻት።

ሞልቱ እንጨቱን ተቀብላ ጻፈች፤ ሮጣ ዶሮዋን አይታ ተመለሰች፤ ደግማ ጻፈች፤ ሮጠች። በግቢው ውስጥ በደረሰችበት ሁሉ "ዶ" እየጣለች ትሄድ ጀመር። በንቲ ጋሪው ላይ ሆኖ ያያል፤ ጥርሱ አልከደን አለው።

"ይቺ ልጅ ቀልብ አላት" አለች ተሾመች። "የሌላት ቀልብ አይደለም፤ ልጓሙ ነው። እሱ ቀስ ብሎ ይመጣል። ጊዜ ስጪኝ።"

አማከለች ጫጫታው ውስጥ ግማሹን ነው የሰማችው፤ የሰማችውም አልጣማትም። ዶሮ ማሳደድ እቤቷም አለ፣ ለዚህ ምን ክፍያ ያስፈልገዋል ብላ በሆዷ አጉረመረመች። ጋሪው ላይ ወጥታ ነጠላዋን ወደ ራሷ ጣል አደረገች፤ ነገር አበቃ ማለቷ ነው።

ሃምሳ አለቃ እንግዳ ዘንድ ሲደርሱ በመጀመሪያ ልጅ የሌለበት ቤት መስሏት ነበር። በሩ ግራና ቀኝ ድንጋዮቹ ኖራ ተቀብተዋል። ግቢው ተጠርጎ ውሃ ተርከፍክፎበታል። ሃምሳ አለቃው ካኪያቸውን በወጉ ተኩሰው ለብሰዋል፤ ከጦር ሠራዊት በክብር የተሰናበቱ ሰው ናቸው፤ አካሄዳቸውም ገና አልተሰናበተም። የክፍሉን በር ከፈት አድርገው አሳዩአት። ሰማያዊ የለበሱ ልጆች እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። አንድም አልዞረም። የሚሰማው መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሚጽፍበት ጠመኔ ነው።

አማከለች ጠመኔውን ሰማችው። በቀኝ ጆሮዋ፣ ማንም ሳይጮህላት፣ ጠመኔ ሰሌዳ ሲነካ ሰማች። ከስንት ጊዜ ወዲህ እንዲህ ያለ ትንሽ ድምፅ ጆሮዋ ገብቶ እንደማያውቅ አሰበችና እንባዋ መጣ። በሩ ላይ ቆማ ቀረች። የልጇን ነገር እንኳ ለአፍታ ዘነጋችው፤ ያንን ዝምታ ለራሷ ነው የፈለገችው። ስሕተቱ የተሠራው እዚያ በር ላይ ነው። ትምህርት ቤቱን የመረጠችው በደከመ ጆሮዋ ነበር።

 ወደ ቤት ሲመለሱ በንቲ ፈረሱን በአለንጋው ጫፍ ጠቆም አደረገ። ፈረሱ እንደ ጋሪ ፈረስ ሁሉ ግራና ቀኝ ዓይኑ በቆዳ ተጋርዷል።

"የዚህን ዓይን የጋረድኩት ጋሪ እንዲጎትትልኝ ነው" አላት ጮክ ብሎ። "ልጄ ምን እንድትጎትት ነው?"

"አንተ ቀልድ" አለችው። "ነገ እኔ የምቆምበት ቦታ ስትቆም ማን ጣቷን ይሰበስብላታል? የዶሮዋ ሴትዮ?"

 የክፍያውን ግማሽ የምትሸፍነው አማከለች ናት፤ ያውም በጆሮዋ። በንቲ የዚያን ዕለት ዝም ማለቱን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ለራሱ ይቅር አላለም።

ያኔ ልጁን ለመምህር የሚሰጥ ወላጅ የሚላት ነገር አለች፤ ከዓይኑ በቀር የእርስዎ ነው። ዓይኑን አያጥፉብኝ እንጂ ቢገርፉትም አልቀየምም ለማለት ነው። ደንብ ነው፤ ሰው እንደ ሰላምታ ይናገረዋል እንጂ የሚያስተውለው የለም። አማከለችም ሞልቱን ያስረከበች ዕለት ጎንበስ ብላ "ከዓይኗ በቀር የእርስዎ ናት" አለች። ሃምሳ አለቃው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስሟን ጠየቁ፤ ሲነግሯቸው ፊታቸውን አጨማደዱ። ለመጥሪያ አይመችም አሉና ፅጌረዳ ብለው መዘገቧት። አማከለች አልከፋትም፤ ያማረ ስም ነው። በንቲ ግን ወደ ጋሪው ሄዶ ያልላላውን የፈረሱን ማሰሪያ ሲያጠብቅ ቆየ።

ለውጡ የመጣው ቶሎ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ልጅቱ እያለቀሰች ሄዳ እያለቀሰች ተመለሰች፤ ከዚያ ማልቀሷን ተወች። ገበታ ላይ ተቀመጪ ስትባል ትቀመጣለች። ቆርቆሮ ይዛ ስትላክ ሞልታ ትመለሳለች፤ ጠብታ አይፈሳትም። ጎረቤት ተገረመ። የጠበሉ ነው ያለም አለ፣ የሃምሳ አለቃው ነው ያለም አለ። አማከለች በፋብሪካው የምሳ ሰዓት አፏን ሞልታ ታወራ ጀመር። የሃምሳ አለቃውን ግቢ ስታወድስ ያችን የመካኒሳዋን ሴት ሳታነሣ አታልፍም።

"ዶሮ ማሳደድ ነው የምታስተምረው" ትላለች። "ልጆቹ እንደ ገበያ ይተራመሳሉ፤ እሷ ቆማ ታያቸዋለች።"

ሴቶቹ ይስቃሉ። አማከለች ጆሮዋ ስለማይሰማ ድምፅዋን መመጠን አትችልም፤ የምትናገረው ሁሉ እስከ ወዲያኛው ጥግ ይደርሳል። ልጃቸውን መካኒሳ የላኩ እናቶችም እዚያ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ማታ፣ ገና ጨለማው ሳይወርድ፣ እናትና ልጅ ከድልድዩ ወደ ቤት ሲሄዱ፣ አማከለች ከኋላዋ ነፋስ የመሰለ ነገር ተሰማት። ወዲያው ነጠላዋን አንድ ነገር ቀደደው፤ ወደ ቦዩ ተወረወረች። የአሸዋ መኪና ነበር። ሾፌሩ ፍሬን ይዞ ወርዶ ራሱን ይዞ ይጮኻል፤ ጡሩምባ ስነፋ ስነፋ ነው የመጣሁት፣ ደንቆሮ ነሽ ወይ ይላል። አማከለች ጭቃዋን እየጠረገች ተነሣች። ክንዷ ተልጦ ነበር እንጂ ሌላ አልተጎዳችም።

ሞልቱ በመንገዱ ጥግ ቆማለች። ለራሷ ጥግ ይዛለች። ሁለት እጆቿን ከደረቷ ፊት ዘርግታ፣ መዳፎቿን ወደ ላይ አድርጋ ታያቸዋለች።

"አልሰማሽውም?" አለቻት እናቷ።

"ሰምቼዋለሁ።"

"ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?"

ልጅቱ ቀና አላለችም። "አትዙሪ ተብያለሁ" አለች።

አማከለች ያን ጊዜ ነው ያስተዋለችው። ከድልድዩ እስከ ቤት፣ ስንት ወር ሙሉ፣ በቀኝ ጆሮዋ የጮኸ አልነበረም። ዝምታውን ስትወደው፣ ልጄ ጨዋ ሆነች ስትል፣ ያቺ ነጠላዋን ሳብ የምታደርግ እጅ መቅረቷን ልብ ሳትል ነበር። በወሬ መሀል መኪና የሚሰማ ልጅ ቀልብ የለውም ብላ ነበር። እዚያው ቦዩ ዳር ተቀመጠች።

በማግሥቱ ከበንቲ ጋር ሃምሳ አለቃው ዘንድ ሄዱ። ምን አደረጓት ብላ ስትጠይቅ ሰውዬው አልተቆጡም፤ እንዲያውም ደስ አላቸው። ጥበባቸውን የሚጠይቃቸው ወላጅ ብዙ አልነበረም። ከመስኮቱ ላይ ጣሳ አንሥተው አሳዩአት።

"አፉ ድረስ ውሃ እሞላና በሁለት መዳፏ አስይዛታለሁ" አሉ። "ፊቷን ወደ ግድግዳ። ከፈሰሰ አለንጋ አለ፤ ከዞረችም አለ። ሌሎቹ ይማራሉ፤ እሷ ትይዛለች። ስትመጣ ሙልጭ አድርጋ የምታፈስ ልጅ ነበረች። ዛሬ እስከ እረፍት ሰዓት ጠብ አይላትም። ዓይኗን ደግሞ አልነካሁም፤ ባልሽው መሠረት።"

ሰውዬው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ከክፋት የከፋው ይኸው ነው። የተጠየቁትን ነበር የሠሩት። አማከለች ልትሰድባቸው ፈልጋ የምትጀምርበት ቃል አጣች፤ ቃሉን ሁሉ ያስረከበች ዕለት ራሷ ጨርሳዋለች።

ልጃቸውን ይዘው ወጡ። ጋሪው ጋ ሲደርሱ በንቲ ልጅቱ ፊት ቁጢጥ ብሎ እንጨት ሰጣት። "እስቲ የምታውቂውን ፊደል ጻፊልኝ፣ ሞልቱ።"

ሞልቱ ወደ ትምህርት ቤቱ በር አየች፤ ከዚያ ወደ አባቷ። ተቀመጠችና ብዙ ከቆየች በኋላ ኖራ የተቀባው ድንጋይ ሥር፣ በጣም አሳንሳ፣ አንድ ፊደል ጻፈች። "ዶ" ነበር። ሌላ ጨምሪ አላት። ሌላ አልነበራትም። ያን ሁሉ ወር ቀልቧ ተሰብስቦ የከረመው ውሃው ላይ ነው፤ ከትምህርት ያተረፈችው በዶሮዋ ሴትዮ ግቢ በአንድ ከሰዓት እየሮጠች ያገኘችውን ብቻ ነበር። ጽፋ እንደጨረሰች በእጇ አጠፋችው።

በንቲ የፈረሱን አፍ ወደ መካኒሳ አዞረ።

የተሾመች ግቢ በር በሰንሰለት ተዘግቷል። በረንዳው ላይ የእህል ከረጢት ተከምሯል። አጥሩ በወንዙ በኩል እንደተቀደደ ነው። ከጎረቤት አንዲት ሴት ወጥታ ሴትዮዋ ቤቱን ለእህል ነጋዴ ለቅቃ ወደ ወለጋ፣ ወዳሳደጓት ሚሲዮኖች መሄዷን ነገረቻቸው። "ልጅ አጣች" አለች። "የፋብሪካ ሴቶች ነበሩ ብዙ ልጅ የላኩላት። አንዷ ስድ ታደርጋቸዋለች ብላ አወራች መሰለኝ፤ ተራ በተራ መጥተው አወጡባት። ሲሄዱ በር ድረስ ትሸኛቸው ነበር።"

ጎረቤቲቱ በአማከለች ግራ በኩል ነበር የቆመችው። በንቲ ለአማከለች ሊደግምላት ዞር አለ፤ ግን ፊቷን ሲያይ ተወው። በፋብሪካው ጩኸት ውስጥ እንደለመደችው ከሴትዮዋ ከንፈር አንብባው ነበር።

ሞልቱ ከዚያ በኋላ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ተመለሰች። ያ መምህር በደስታ ተቀበላት። ከኋላ አስቀመጣትና ረሳት። በንቲ ጋሪው ላይ እያስቀመጠ ከላፍቶ ሳሪስ ያመላልሳታል፤ ያንን ወፍ አየሽው፣ ያንን ፈረስ አየሽው ይላታል። አየሁት ትላለች። ከዚያ በላይ አትልም።

የሀና ማርያም ንግሥ ደረሰ። አማከለች ስለት አለባት። በንቲ ተይው ቢላት አልሰማችውም፤ ይህን ጊዜ ጆሮዋ አልነበረም። ስለት ሰምሮ ማስቀረት የሚያስከትለውን እያወቀች እንዴት ትተወው። እመቤታችን የድርሻዋን ፈጽማለች፤ የተባለችውን አንድም ሳታጎድል። ከመርካቶ ባለ ወርቅ ዘርፍ ቀይ የከፋይ ጃንጥላ ገዝታ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ልጇን በእጇ ይዛ ሄደች።

ታቦቱ ዑደቱን ጨርሶ ሕዝቡ ሲሰበሰብ የስለት ዕቃ መነገር ጀመረ። ተራዋ ደረሰ። ካህኑ ጃንጥላውን ዘርግተው ከፍ አደረጉት፤ ዘርፉ ፀሐይ ላይ አብረቀረቀ። "እኅታችን አማከለች" አሉ ለሕዝቡ። "የልጇን ቀልብ ሰብስቢልኝ ብላ ተስላ፣ እመቤታችን ሰምታታለች።"

እልልታው ቀለጠ። አማከለች እንኳ ሰማችው። ከበሮው እላይ እላይ ሲል፣ ልጆች ሁሉ ለማየት በሰው እግር መሀል ሲሹለኩለኩ፣ ሞልቱ ከእናቷ ጎን ቆማ ነበር። አልሾለከችም። አልዞረችም። ከበሮው ካለበት ፊቷን መልሳ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ እያየች፣ ሁለት መዳፎቿን ከፊቷ ዘርግታለች።

"እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት" አለች አንዲት ሴት በአማከለች ቀኝ ጆሮ። "እልል በዪ እንጂ፤ የአንቺ እኮ ነው ስለቱ።"

አማከለች አፏን ከፈተች፤ እልልታው አልወጣ አላት። ሌላ ስለት ልትሳል አሰበች። እዚያው፣ ጃንጥላው እንደተዘረጋ፣ ልትንበረከክና መልሺልኝ ልትል ነበር። ግን ምን ብላ ነው የምትጠይቀው? እመቤታችን የጠየቋትን ቃል በቃል እንደምትሰጥ አሁን አውቃለች። ሩጫዋን ብትል መኪናው አለ፤ ጩኸቷን ብትል ለቅሶም ጩኸት ነው። ቃሉን ፈለገች ፈለገች፤ አጣችው። በመጨረሻ የነጠላዋን ጫፍ አንሥታ ከልጇ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው፤ ትስበው እንደሆነ ብላ።

ሞልቱ ነጠላውን አየችው። እንዳይወድቅባት ተጠንቅቃ፣ ሳትነቃነቅ ያዘችው።